ጥንድ አፈሙዝ ለዝሆን ብቻ ነው ያለው ማነው?

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ «ያንተን ጠመንጃ የሚሰድብ ጽሑፍ ወጥቷል» ብሎ ላከልኝ። አነበብኩት። ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ የተሠራው ለዝሆንና ለጎሽ ነው፤ በትንሽ ካሊበር፣ ማለትም በጠባብ አፈሙዝ፣ ሲሠራ የሀብታም አሻንጉሊት ይሆናል። ጸሐፊው ምክንያታቸውን ደርድረዋል። ካሊበሩ ደካማ ነው፣ ሁለቱ አፈሙዞች አንድ ቦታ አይመቱም፣ ሁለት ጥይት አይበቃም፣ መነጽር አይገጠምበትም፣ ባሌ ተራራ ላይ ዋጋ የለውም፣ በዚያ ላይ ውድ ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል፤ ያስቃል። አንድ ጥይት ያልበቃውን አዳኝ ሁለተኛው አፈሙዝም አያድነውም ያሉባትን ቦታ ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። አብረውኝ ለሚያድኑት ጀርመኖች ልተረጉምላቸው ሞክሬ ነበር፤ ቅኔው መንገድ ላይ ጠፋብኝ። ግን እኔ እዚህ ጀርመን ውስጥ የማድነው በዚችው በተሰደበችው ጠመንጃ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንስማማ። ባለሁለት አፈሙዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ፍንጣሪ የሚረጨው የወፍ ጠመንጃ ነው። እሱን አይደለም። ይሄኛው በሁለቱም አፈሙዝ ውስጥ ጠመዝማዛ መስመር አለው፤ አንድ አንድ አረር ይተኩሳል። አፈሙዞቹ ጎን ለጎን ወይም አንዱ ባንዱ ላይ ይቀመጣሉ። ወገቡ ላይ ይሰበራል፣ ሁለት ጥይት ይጎርሳል፣ ይዘጋል። አብዛኛውን ጊዜ ምላጩም ሁለት ነው።

«ትንሽ ካሊበር» የሚለው ቃል ደግሞ ያሳስታል። በዚህ ጠመንጃ ዓለም ከ375 በታች ያለው ሁሉ ትንሽ ይባላል። 375 ማለት 9.5 ሚሊ ሜትር ግድም ነው። ስለዚህ ጀርመኖች የሚወዱት 9.3 በ74 አር (የመጀመሪያው ቁጥር የካሊበሩ ስፋት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት፣ ሁለቱም በሚሊ ሜትር) ትንሽ ነው። 7 በ65 አር፣ 8 በ57 አይ አር ኤስ፣ 30-06ም ትንሽ ናቸው። ከዚያ ወርዶ እስከ 22 ሆርኔት ይደርሳል። ጸሐፊው «ትንሽ» ሲሉ በዓይነ ኅሊናቸው የነበረው ይሄ የመጨረሻው ይመስለኛል። አለመግባባታችን ግማሹ እዚሁ ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ነጥቦቹ።

ጥንድ አፈሙዝ «ለዝሆን የተወለደ» ነው የሚለውን እንይ። የስሙ ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። የዝሆን ጠመንጃዎቹ ስማቸው ናይትሮ ኤክስፕረስ ነው። «ኤክስፕረስ» የምትለዋ ቃል ከየት መጣች? እ.ኤ.አ. በ1856 የለንደኑ ጠመንጃ ሠሪ ጄምስ ፐርዴ ለዚያ ዘመን ትንሽ የሚባል አረር በከፍተኛ ፍጥነት የሚተኩሱ ጥንድ አፈሙዞችን ሠራ። ከፍጥነታቸው የተነሣ በፈጣኑ ባቡር ስም «ኤክስፕረስ ትሬን» አላቸው። ስሙ ተወደደ፤ ይህ ዓይነት ጠመንጃም በስኮትላንድ ተራሮች አጋዘን በሚያድኑ ሰዎች እጅ ተስፋፋ። ሪግቢ የተባለው ጠመንጃ ሠሪ 450 ናይትሮ ኤክስፕረስን ያወጣው በ1898 ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ የዝሆኑ ጠመንጃ ስሙን የወረሰው ከአጋዘኑ ነው። ሌላው የለንደን ሠሪ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድም ቢሆን በትልልቆቹ ብቻ አልቆመም። 240 ፍላንጅድ የተባለችውን ስድስት ሚሊ ሜትር ግድም የሆነች ጥይት፣ ግርጌዋ ላይ ከንፈር አድርጎ ያወጣት ለሚሰበሩ ጠመንጃዎች እንድትመች ነው።

ለነገሩ የጸሐፊው ስሜት ይገባኛል። እኛ ግዳይን በፉከራና በቀረርቶ ያደግን ሕዝብ ነን። ዝሆን የጣለ ይፎክራል፤ ሚዳቋ የጣለ ዝም ብሎ ወጥ ይሠራል። ጠመንጃውንም በዚያው ሚዛን መለካት ይቀናናል።

ቀጥሎ ካሊበሩ ደካማ ነው የሚለው አለ። እዚህ ላይ ከእኔ ይልቅ ሕግ ቢናገር ይሻላል። የጀርመን የፌዴራል የአደን ሕግ ለሮ ዲር፣ ማለትም ከድኩላ ለምታንሰዋ አጋዘን፣ ጥይቱ 100 ሜትር ላይ ቢያንስ 1000 ጁል ኃይል እንዲኖረው ያዛል። ለዱር አሳማና ለትልልቆቹ አጋዘኖች ደግሞ ካሊበሩ ከ6.5 ሚሊ ሜትር፣ ኃይሉም 100 ሜትር ላይ ከ2000 ጁል እንዳያንስ ይላል። የእኔ 8 በ57 አይ አር ኤስ እዚያ ርቀት ላይ 2500 ጁል ግድም ይዛ ነው የምትደርሰው። 9.3 በ74 አር ከዚያ በብዙ ይበልጣል። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1991 የአጋዘን ሕጓ ለትልልቆቹ አጋዘኖች ወለሉን ያደረገችው 240 ካሊበር ላይ ነው። እነዚህ ሕጎች የወጡት አውሬው እንዳይሠቃይ ነው፤ ለአዳኝ ክብር አይደለም።

22 ሆርኔትን በተመለከተ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው። በእሷ አጋዘን መተኮስ እዚህ ሕገ ወጥ ነው። የቀበሮ ጥይት ናት። ጥንድ አፈሙዝ 22 ሆርኔት የሚያሠራ ሰው አለ፤ ቆንጆ ዕቃ ነው፤ አሻንጉሊት ቢሉት አልጣላቸውም።

እግረ መንገዴን አንድ ሰው ላንሳ። «ካራሞጆ» ቤል የሚባለው ስኮትላንዳዊ ከሺህ በላይ ዝሆን የገደለ ሰው ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጠረፍም ሲዘዋወር ኖሯል። አብዛኞቹን ዝሆኖች የጣለው በሰባት ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። የእሱ ጠመንጃ ባለመቀርቀሪያ፣ ማለትም ከየተኩሱ በኋላ መቀርቀሪያው በእጅ የሚሳብ ባለአንድ አፈሙዝ፣ ነበር፤ ስለዚህ ለጥንድ አፈሙዝ አይመሰክርልኝም። ስለ ካሊበር ግን ይመሰክርልኛል። የዝሆንን የራስ ቅል መጋዝ አስገብቶ፣ ቆርጦ ያጠና ሰው ስለነበር የት እንደሚመታ ያውቅ ነበር። ዛሬ ማንም እሱን እንዲመስል አልመክርም። ብዙ የአፍሪካ አገሮችም ለጎሽና ለዝሆን ከ375 በታች አይፈቅዱም፤ ጥሩ አድርገዋል። ግን ስንቶቻችን ነን ጎሽ የምናድን?

አሁን ዋናው ክርክር ጋ ደረስን። ጸሐፊው ሁለቱ አፈሙዞች ፊት ለፊት ተጠጋግተው ስለሚበየዱ አረሮቹ መንገድ ላይ ይሻገራሉ፤ ከዚያ በኋላ ይለያያሉ ብለዋል። ይሄ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የማስበው።

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። የቀኙ አፈሙዝ ሲተኮስ ጠመንጃው ወደ ኋላ ብቻ አይገፋም። አፈሙዙ ከመሃል ወደ ቀኝ ያለ ስለሆነ ጠመንጃው ወደ ቀኝና ወደ ላይ ዞር ይላል። መዞር የሚጀምረው ደግሞ አረሩ ገና አፈሙዙ ውስጥ እያለ ነው። የግራውም እንደዚሁ ወደ ግራ ይዞራል። እንግዲህ አንድ ሠሪ ሁለቱን አፈሙዞች ፍጹም ትይዩ አድርጎ ቢበይዳቸው፣ አረሮቹ ቀኝና ግራ ተበታትነው ያገኛቸዋል። ስለዚህ ጫፋቸውን ትንሽ ያቀራርባቸዋል። ባይን ብትከተሏቸው ራቅ ብለው የሚሻገሩ ይመስላሉ። ጸሐፊው ያዩት ይሄን ነው። ነገር ግን ያ ማቀራረብ የሚያደርገው የጠመንጃውን መዞር ማካካስ ብቻ ነው። በደንብ የተሠራ ጥንድ የሚልካቸው አረሮች እንደ ባቡር ሐዲድ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት። አይሻገሩም።

ይሄን ሥራ እኔ «መግራት» እለዋለሁ። ሁለት ወይፈን ጠምዶ አንድ ትልም ላይ እንደማስሄድ ነው። ጠመንጃ ሠሪው በአፈሙዞቹ ጫፍ መሃል ትንሽ ሽብልቅ ያስገባል። ቀኙን ይተኩሳል፣ ግራውን ይተኩሳል፣ ወረቀቱን ያያል። ብየዳውን አሙቆ ያላላል፣ ሽብልቁን ጥቂት ያንቀሳቅሳል፣ እንደገና ይበይዳል፣ እንደገና ይተኩሳል። አንዳንዴ ቀናት ይፈጅበታል። የዋጋው አንዱ ምሥጢርም እዚህ ነው። እንደ ክሪግሆፍ ያሉ የዘመኑ ሠሪዎች ሽብልቁን ያለ ብየዳ የሚስተካከል አድርገውታል፤ ግን መርሁ ያው ነው።

ውጤቱስ? የእኔዋ አፈሙዞቿ አንዱ ባንዱ ላይ ናቸው፤ 100 ሜትር ላይ አራት ጥይት፣ ሁለት ከላይኛው ሁለት ከታችኛው፣ ከቡና ስኒ ማስቀመጫ ሳይወጡ ታስቀምጣለች። ጥሩ ባለመቀርቀሪያ ከዚህ በግማሽ ያጠባል፤ አልክድም። ግን የዱር አሳማ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ሃያ ሴንቲ ሜትር ግድም ስፋት አለው። የሚተኮስበት ርቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሃምሳ ሜትር አይበልጥም። ወረቀት ላይ አንድ ሴንቲ ስለማጥበብ የሚጨነቅ ሰው አሳማው እየሮጠ ሲመጣ የሚጨነቅበት ሌላ ብዙ ነገር አለው።

«ሁለት ጥይት አይበቃም፤ ባለመቀርቀሪያው አምስት ይጎርሳል» የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ። ምክንያቱም የትንሿ ጥንድ ጥቅም ሁሉ እዚህ ነው ያለው።

እዚህ አገር በመኸር መጨረሻና በክረምት ድሩክያግድ የሚባል አደን አለ። አዳኞች ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው በየተመደቡበት ቦታ ይቆማሉ። አስነሺዎችና ውሾች ጫካ ውስጥ ገብተው አውሬውን ያንቀሳቅሱታል። ጠዋት ለሁለት ሰዓታት ያህል ብርድ ላይ ቆማችሁ ምንም አታዩም። ከዚያ አንድ ቅርንጫፍ ይሰበራል። አሳማዎቹ በሁለት ዛፍ መሃል ብቅ ይላሉ፣ የጫካውን መንገድ ይሻገራሉ፣ ይጠፋሉ። ያላችሁ ጊዜ ሦስት አራት ሰከንድ ነው። እዚያ ውስጥ አምስት ጥይት የተኮሰ ሰው ካያችሁ ከእሱ ራቁ።

በዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ ጥሩ ጥይት ነው። እሱ ካልተሳካ ደግሞ ወዲያው ሁለተኛው። በጥንድ አፈሙዝ ሁለተኛው ጥይት ዝግጁ ነው። መቀርቀሪያ አይሳብም፣ ቀለህ አይዘልም፣ ጉንጭ ከሰደፉ አይነሣም፣ ዓይን ከአውሬው አይነቀልም። ጣት ከፊተኛው ምላጭ ወደ ኋለኛው ይሸጋገራል፤ አለቀ። አንዱ ጥይት ቢከሽፍ እንኳ ሌላኛው አፈሙዝ የራሱ መምቻና የራሱ ምላጭ አለው።

አምና አንዲት አሳማ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ጥይቴ ወደ ኋላ ሄደ። ሆዷን መታት። ይሄ አዳኝ የሚፈራው ነገር ነው። እንዲህ የቆሰለች አሳማ ኪሎ ሜትሮች ሮጣ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብታ ለሰዓታት ትሠቃያለች። በማግስቱ ደም አሽታች ውሻ ተጠርቶ ስትፈለግ ይዋላል። ሁለተኛው ጥይት ግን ሁለት እርምጃ እንኳ ሳትሮጥ ደረሰባት። እዚያው ወደቀች። የመጀመሪያው ስሕተት የእኔ ነው። ሁለተኛው አፈሙዝ እኔን አላዳነኝም፤ ጸሐፊው እውነታቸውን ነው። አሳማዋን ግን ከስቃይ አዳናት።

በፍጥነት በኩል እውነተኛው ተፎካካሪ የትኛው እንደሆነ ጸሐፊው አልጠቀሱም፤ እኔ ልንገራቸው። ብሌዘር የሚባለው የጀርመን ጠመንጃ ቀጥ ብሎ የሚሳበው መቀርቀሪያ ነው። በለመደ ሰው እጅ አስደናቂ ፈጣን ነው። ከባለሁለት አፈሙዝ ጋር ሲወዳደር ሦስተኛ ጥይት መጨመሩም ጥቅም ነው። ጓደኞቼ አብዛኞቹ እሱን ነው የሚይዙት፤ አልፈርድባቸውም።

ግን እስቲ ትንሿን ጥንድ ትከሻችሁ ላይ አድርጓት። ባለመቀርቀሪያ ጠመንጃ ከአፈሙዙ በስተኋላ መቀርቀሪያው የሚመላለስበት ረጅም ብረት አለው። የሚሰበር ጠመንጃ ይሄ የለውም። ስለዚህ አፈሙዙ እኩል ርዝመት ቢኖረውም አጠቃላይ ቁመቱ ስምንት አስር ሴንቲ ያጥራል። ክብደቱ በሁለቱ እጆች መሃል ነው የሚያርፈው። ስታነሱት እንደ ወፍ ጠመንጃ ራሱ ዓይናችሁ ያረፈበት ይሄዳል። የሚሮጥ አውሬ ላይ ይሄ ነገር ከሁሉ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ነው ከጸሐፊው ጋር ጨርሶ የምንለያየው። እሳቸው ትልቁን ካሊበር እውነተኛው ጥንድ፣ ትንሹን ደግሞ ቅጂ አድርገው ነው ያዩት። እኔ የጥንድ አፈሙዝ ጸባይ ይበልጥ የሚወጣው በትንሹ ነው እላለሁ። አንድ 470 ናይትሮ ኤክስፕረስ ጥንድ 4.5 እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። 32 ግራም አረር በሰከንድ 655 ሜትር ፍጥነት ይወረውራል። ከባድ ያደረጉት ትከሻ እንዳይሰብር ነው። እንደዚያም ሆኖ ምቱ ከ7 በ65 አር ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል። በእሱ ሁለተኛውን ጥይት ቶሎ ማነጣጠር የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ የመጀመሪያው ጥይት ራሱ ሰውየውን ከቦታው ያነሣዋል። 7 በ65 አር ወይም 8 በ57 ሦስት ኪሎ ተኩል ባልሞላ ጠመንጃ ውስጥ ሲሆን ግን አፈሙዙ ትንሽ ዘለል ብሎ ተመልሶ ይቀመጣል። ዓይናችሁ አውሬውን አይለቅም። ሁለት አፈሙዝ የተፈለገበት ዓላማም ይኸው አይደለም እንዴ?

ስለ ደኅንነት ጽሑፉ ምንም አላለም። ሰላሳ አርባ ሰው መሣሪያ ይዞ በሚሰበሰብበት አደን፣ ጠመንጃው ወገቡ ላይ ተሰብሮ ክንድ ላይ ሲንጠለጠል ባዶነቱ ከሩቅ ይታያል። ማንም «ፈታኸው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ጀማሪ የሚያስተምሩ ሰዎች በዚህ ምክንያት ይወዱታል።

መነጽር አይገጠምበትም የሚለው ያረጀ ወሬ ነው። ጀርመንና ኦስትሪያ ውስጥ ዞር ብሎ የሚወጣና የሚገባ መያዣ ሲሠራ ዘመናት አልፈዋል። አሁን ደግሞ ቀይ ነጥብ የሚያሳየውን ትንሽ መስታወት ከአፈሙዞቹ በላይ ባለው ስስ ብረት ላይ ማሰር ይቻላል። የእኔም እንደዚያ ነው።

የባሌን ነገር ግን ሙሉ በሙሉ እሰጣቸዋለሁ። የደጋ አጋዘን ሦስት ሺህ ሜትር አልፎ፣ ከሸለቆ ማዶ፣ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ርቆ የሚታይ አውሬ ነው። እዚያ ጥንድ አፈሙዝ ይዞ የሚወጣ ሰው ጀርባውን በከንቱ ያደክማል። ባለመቀርቀሪያና ጥሩ መነጽር ይያዝ። ኢትዮጵያ ውስጥ የውጭ አገር አዳኞች በፈቃድ የሚመጡትም በዋናነት ለዚህ አውሬ ስለሆነ ጸሐፊው በዚያ ዓይን ማየታቸው አይገርምም። ብቻ ከባሌ ተራራ ላይ ሆኖ በጥቅጥቅ የጀርመንና የፈረንሳይ ጫካ ላይ መፍረድ ትክክል አይመስለኝም። ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ሻፑዊ እነዚህን ጠመንጃዎች የሚሠራው ለዝሆን ገበያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሮ በከሰረ ነበር። ሥራው የሚሄደው በአሳማ ነው።

ዋጋ። ውድ ነው፤ ምን ይባላል? የለንደን ባለስም ሠሪዎች ጥንድ ከመቶ ሺህ ፓውንድ በላይ ይሄዳል። እሱን እኔም የማየው በመስታወት ውስጥ ነው። ግን ጥንድ አፈሙዝ ሁሉ ለንደን አይሠራም። በጀርመኗ ዙል ከተማ ውስጥ በመርክል የተሠራ፣ ወይም ከኦስትሪያዋ ፈርላህ የወጣ፣ ሁለተኛ እጅ የሆነ ትንሽ ካሊበር በጥቂት ሺህ ዩሮ ይገኛል።  አሮጌ ለመግዛት ያሰበ ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ 8 በ57 አይ አር እና 8 በ57 አይ አር ኤስ አንድ አይደሉም። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ኤስ» ሰፋ ያለ አረር ማለት ናት። በጠባቡ አፈሙዝ ውስጥ ሰፊውን መተኮስ አደገኛ ነው። አፈሙዙ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ ብር አትክፈሉ።

ጸሐፊው ይሄን ሁሉ ሲያነሡ አንድ እውነተኛ ድክመት ሳይነኩ ማለፋቸው ግን ገርሞኛል። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ከዚህ ነበር የምጀምረው። ጥንድ አፈሙዝ የሚገራው ለአንድ ጥይት ነው። የአረሩ ክብደት ወይም ፍጥነቱ ሲቀየር ጠመንጃው የሚዞርበት መጠን ይቀየራል፤ ሁለቱ አፈሙዞች ይጣላሉ። ባለመቀርቀሪያ ላይ ጥይት ስትቀይሩ መነጽሩን ትንሽ ታስተካክላላችሁ፤ በቃ። እዚህ ግን አንዱን ብታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል። አሁን ደግሞ በአንዳንድ የጀርመን ክፍላተ ሀገር በእርሳስ አረር ማደን ተከልክሏል፤ የመዳብ አረር ግድ ሆኗል። መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፤ ስለዚህ አረሩ ወይ ይረዝማል ወይ ክብደቱ ይቀንሳል። አያቶቻችን በእርሳስ የገሯቸው ጥንዶች ይሄን አያውቁም።

እኔም ባለፈው ወር አንድ ሳጥን የመዳብ ጥይት ገዝቼ ወደ መተኮሻ ሜዳ ሄድኩ። የታችኛው አፈሙዝ እንደ ድሮው መሃል መታ። የላይኛው 100 ሜትር ላይ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግራና ወደ ላይ ወጣ። ሌላ ጥይት ሞከርኩ፤ ባሰበት። አሁን ጠመንጃዬ ጠመንጃ ሠሪው ጋ ናት። ብየዳውን ፈትቶ እንደገና ሊገራት ነው፤ ከገና በፊት አልጨርስም ብሎኛል። የአደኑ ወቅት ደግሞ ተጀምሯል። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ከጎረቤቴ ባለመቀርቀሪያ ተውሻለሁ። ጸሐፊው ይሄን ሲሰሙ ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ።